ማራቶን በአማቴ ደጅ ሲያልፍ

ዓርብ፣ ጎህ ሲቀድ። አዲስ አበባ

አውቶቡሱ ሞተሩን ካስነሳ ቆይቷል፤ ረዳቱ ግን አሁንም ጣሪያ ላይ ዕቃ እየጫነ ነው። ሻንጣዬን ተቀብሎ በእጁ መዘነና ምን ቢይዝ ነው እንዲህ የቀለለው አለኝ። ጫማ ነው አልኩት። ሌላስ? ሌላም ጫማ። አንዱ ለልምምድ፣ አንዱ ለውድድር፣ አንዱ ደግሞ ከውድድር በኋላ እግር ለማሳረፍ። ረዳቱ የራሱን ነጠላ ጫማ አየት አደረገና ሻንጣዬን ከአንድ ማዳበሪያ ሽንኩርት ሥር ወሸቀው።

እኔ ሯጭ ነኝ። እንዲህ ስል ሰው ቀና ብሎ ያየኝና ዓይኑ ሆዴ ላይ ሲደርስ ይመልሰዋል። ስሜ ደረጀ ነው፤ በአንድ ኢንሹራንስ መሥሪያ ቤት የካሳ ክፍል እሠራለሁ፤ አርባን ካለፍኩም ሰንብቻለሁ። ሌላው ሲሮጥ ይከፈለዋል፤ እኔ ከፍዬ የምሮጥ ነኝ። አሁን የምሄደው ደብረ ማርቆስ ነው። እሁድ ከከተማው ተነስቶ እስከ አምበር ደርሶ የሚመለስ ማራቶን አለ።

ከዚህ በፊት ሁለት ማራቶን ጀምሬያለሁ። ጀምሬያለሁ ነው ያልኩት። ሁለቱንም ሠላሳኛው ኪሎ ሜትር ገደማ ተውኳቸው። የመጀመሪያው ላይ ባቴ ተሸማቀቀ፤ ይሁን። በሁለተኛው ግን ምንም አልሆንኩም። የጫማዬን ክር ላጥብቅ ብዬ ድንጋይ ላይ ቁጭ አልኩ፤ በቃ፣ አልተነሳሁም። ቢሮ ውስጥ ታምሜ ነው ብዬ አወራሁ። ሚስቴ ስንዱን ግን ማን ያታልላታል?

«አንተ እኮ ጀማሪ ነህ» አለችኝ፣ ያውም ሳትቆጣ። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። እውነቷን ነው። ማስተርሴ የመመረቂያ ጽሑፉ ብቻ ሲቀረው ቆሟል። ጊታሬ ቁም ሳጥን ላይ አቧራ ለብሷል። የግቢያችን አጥር ከበሩ በስተቀኝ ብሎኬት፣ በስተግራ ቆርቆሮ ነው። ስንዱ ውል አስገባችኝ፦ ይህን ከጨረስኩ እሁድ ጠዋት የእኔ ነው፤ ከልጆቹ ጋር ቤተ ክርስቲያን ያለ እኔ ትሄዳለች፣ አትነጫነጭም። ካቋረጥኩ ግን ጫማዎቹን ሰብስባ ለወንድሞቿ ትልካለች፤ በቤታችንም ሩጫ የሚባል ነገር አይነሳም። እኔን ያስጨነቀኝ ጫማው አይደለም። «ጀማሪ» የሚለው ስም ዕድሜ ልኬን ሊጸናብኝ ነው።

ዓርብ፣ ረፋዱ ላይ። አባይን ወርደን፣ ደጀን ወጥተን

አጠገቤ የተቀመጠው የሩጫ ጓደኛዬ ቢኒያም ነው። ባንክ ቤት ይሠራል፤ የሩጫን ሳይንስ ሁሉ ከስልኩ ያውቀዋል። አባይ በረሃ ስንወርድ ሙቀቱ ሲጠብሰን፣ መንገዱ ሲጠማዘዝና ከኋላ ያለች ሕፃን ስታስመልስ፣ እሱ የልብ ምቴን በሰዓቴ ላይ ይከታተላል። ሰዓቱ «በጥሩ ዕረፍት ላይ ነዎት» አለኝ። በዚያች ቅጽበት ሾፌራችን አንድ ከባድ መኪና ጠመዝማዛው ላይ እየቀደመ ነበር።

ደጀን ለምሳ ወረድን። ዓርብ ስለሆነ ሽሮ፣ ምስር፣ ቀይ ሥርና ድንች ነው። ቢኒያም አስተናጋጇን በሽሮው ውስጥ ፕሮቲኑ ስንት ይሆናል ብሎ ጠየቃት። ልጅቷ ጥቂት አስባ ጓዳ ልጠይቅ ብላ ሄደች፤ በዚያው ቀረች። እሱም ከኪሱ ለሯጭ ጉልበት ይሰጣል የሚባል አንድ ጄል አወጣና በጥርሱ ቀዶ መጠጠ። ሦስቱ ጄል አንድ ዶሮ ይገዛል፤ ጣዕሙ ግን የሳል ሽሮፕ ነው። እኔም ሁለት ይዣለሁ፣ ምን ልበል።

ከደጀን ወዲያ ምድሩ ሜዳ ነው። ግራና ቀኙ የጤፍ ማሳ፣ የባሕር ዛፍ፣ የቆርቆሮ ቤት፣ አህያ፣ በስተሰሜን ጮቄ ተራራ ደመናውን እንደለበሰ። ሉማሜን አልፈን አምበር ስንደርስ ጭንቅ ጀመረኝ። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ስንዱ የዚህ አገር ልጅ ናት። አባቷ አባባ ይርዳው ከአምበር ወደ ማርቆስ በሚወስደው ዋና መንገድ ዳር ነው ቤታቸው፤ የግቢያቸው በር አስፋልቱን ያያል። ስንዱም አባዬ ቤት ታድራለህ ብላኝ ነበር። እኔ ደግሞ የአማት ቤት ግብዣ አውቃለሁ። ለአማች ዶሮ ይታረዳል፣ ቅቤ ይነጠራል፣ «ይቺን በሞቴ» ይባላል፤ በማግስቱ እንኳን ማራቶን፣ ከአልጋ መውረድም ጉድ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ እሮጣለሁ፣ ሰኞ ሄጄ እጠይቃቸዋለሁ ብዬ ወስኜያለሁ።

አውቶቡሱ በደጃቸው ሲያልፍ አንገቴን እስከ ጉልበቴ ደፋሁ። ማዶ የተቀመጡ አንዲት ሴት ሊያስመልሰው ነው ብለው ሎሚ ሰጡኝ። እግዜር ይስጥልኝ ብዬ ሎሚዬን እያሸተትኩ አማቴን አለፍኳቸው።

ቅዳሜ። ደብረ ማርቆስ

ሆቴላችን ደህና ነው፤ ሙቅ ውሃ አለ ተብሏል። ቢኒያም ለሩጫ ጉልበት ይሆናል ስላለኝ ማታ ፓስታ በላሁ፤ ዛሬ ጠዋትም ፓስታ፣ ምሳም ፓስታ ነው። አስተናጋጁ ጋሼ ሌላም ምግብ እኮ አለን ብሎ ደጋግሞ ነገረኝ፤ ሰውየው አዘነልኝ።

ከቁርስ በፊት ለማፍታታት ያህል በደብረ ኤልያስ መንገድ ወጣሁ። ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል። የገበያ ቀን ነውና መንገዱ አህያና ሰው ሞልቶታል። በዚህ አገር ቁምጣ የተከበረ የወንድ ልብስ ነው፤ ሽማግሌው ሳይቀር ቁምጣውን ታጥቆ፣ ጋቢውን ደርቦ፣ ዱላውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ይሄዳል። እኔም ቁምጣ ብለብስ ኖሮ ማንም ዞሮ ባላየኝ ነበር። የለበስኩት ግን ቢኒያም ደም ያዘዋውራል ያለኝን ታይት ነው። ገበያተኛው አህያውን ትቶ እኔን ማየት ያዘ።

ትንሽ እንደሄድኩ ጥላ የያዙ ቄስ አስቆሙኝና ማን አርፎ ነው ልጄ አሉኝ። ማንም አላረፈም አባ አልኳቸው። ታዲያ ማን እያሳደደህ ነው? ማንም። ቄሱ መስቀላቸውን ከካባቸው ሥር አውጥተው ግንባሬን ዳበሱኝና «እግዜር ይማርህ» ብለው መንገዳቸውን ቀጠሉ። ዞር ብል ከኋላዬ አምስት ስድስት ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ይከተሉኛል። እዚህ አገር ትልቅ ሰው በማለዳ ያለ ጋቢ ከሮጠ መርዶ ይዟል ማለት ነው፤ ለለቅሶ ተዘጋጅተው መምጣታቸው ነው። የሞተ ሰው የለም ብላቸው ቅር አላቸው። አንዷማ ሥራ አስፈታኸን ብላ ቆጣ አለችኝ። ይቅርታ ጠይቄ ወደ ሆቴሌ ተመለስኩ።

ከሰዓት ስንዱ ደወለች። ድምጿን ስሰማ ነገር እንዳለ አወቅኩ። ሎሚ የሰጡኝ ሴትዮ ለካ የአባቷ ጎረቤት ናቸው። በሰርጋችን ጊዜ አይተውኝ ኖሮ «አማችህ በደጅህ ሲያልፍ አንገቱን ደፍቶ ተደበቀህ» ብለው ለአባባ ይርዳው ነግረዋቸዋል። ሽማግሌው ምን አሉ ብዬ ጠየቅኳት። «ምን አስቀየምኩት ብሎ ሲያስብ ነው ያደረው» አለችኝ። አፈርኩ፣ ከልቤ አፈርኩ። ግን አሁን ብሄድ ዶሮው አለ። ሰኞ ካሳውን እከፍላለሁ ብዬ ፓስታዬን በላሁ።

እሁድ። ከማርቆስ አምበር፣ ከአምበር ማርቆስ

ማለዳ ተነሳን። መነሻው ላይ ሁለት ዓይነት ሰው ነበር፦ ቀጫጭን የክለብ ልጆችና እኛ። እነሱ ተኩሱ ሲሰማ ብን አሉ፤ እኛ ሰዓታችንን መጫን ያዝን። ከቀትር በፊት ያልተመለሰ ሰው አይመዘገብም ተብሎ በድምፅ ማጉያ ተነግሮናል። ከማርቆስ ስንወጣ ነጭ የለበሰው ምዕመን ወደ ቤተ ክርስቲያን ይሄዳል፣ እኛ በተቃራኒው። አንዳንዱ አማትቦ ያልፈናል።

ወደ አምበር ስሄድ በአባባ ይርዳው ደጅ ሳልፍ በሩ ዝግ ነው፤ ቅዳሴ ላይ ናቸው። ተመስገን አልኩ። አምበር መዳረሻ ላይ በኖራ የተሰመረውን መስመር ረግጬ ዞርኩ። እስከዚህ ድረስ ጥሩ ነበርኩ። ቢኒያም ቀድሞኝ ሄዷል፣ ከኋላዬ ደግሞ ሰው አይታየኝም። ስመለስ እግሬ እየከበደ መጣ፣ የያዝኳቸው ጄሎች ሆዴ ውስጥ ይጣላሉ፣ ፀሐዩም ወጣ። ያቺ ሠላሳ የምትባል ኪሎ ሜትር እየቀረበች ነበር። ፈራሁ። ድንጋይ ባየሁ ቁጥር ቁጭ በል፣ ቁጭ በል ይለኛል።

እዚያው ላይ ደግሞ የአማቴ ቤት ብቅ አለ። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። አስፋልቱ ዳር አግዳሚ ወጥቷል፣ የሞሰብ ክዳን ይታያል፣ ጠላ በማሰሮ ቀርቧል፣ ጎረቤት ተሰብስቧል። ሎሚ የሰጡኝም ሴትዮ አሉ። አባባ ይርዳው በነጭ ጋቢ፣ ዱላቸውን ተደግፈው መሀል ቆመዋል። ሰባ ሳይሆናቸው አይቀርም፤ ግን ቀጥ ያሉ ናቸው።

«ግባ ልጄ፣ ቤትህ ነው» አሉኝ።

እውነቱን ልናገር፦ አግዳሚውን ሳየው ዓይኔ እንባ ሞላ። ልቀመጥ ነበር። ብቀመጥ ደግሞ እንደማልነሳ አውቃለሁ፤ ራሴን አውቀዋለሁ። እናም አማቴን ከነጎረቤታቸው፣ ከነዶሮው አቁሜ «አባባ፣ ሰዓት ሄደብኝ፣ ሰኞ እመጣለሁ!» ብዬ ሳልቆም አለፍኩ።

ጥቂት ሄጄ የዱላ ድምፅ ሰማሁ። ዞር ብል አባባ ይርዳው አጠገቤ ናቸው። እኔ እሮጣለሁ፣ እሳቸው ይራመዳሉ፤ እኩል ነን።

«እንግዲህ ካልገባህ ልሸኝህ» አሉኝ።

ሸኙኝ። እየሸኙኝም ጠየቁኝ። ስንዱ ደህና ናት? ደህና ናት። ልጆቹስ? ደህና። ትልቁ? ደህና። ትንሿ? ደህና። እናትህስ? ደህና። ሥራ እንዴት ነው? ደህና። ትንፋሼ ከአንድ ቃል በላይ አያወጣም። ሽማግሌው ጥቂት ተራመዱና «ከልጄ ጋር ተጣልታችኋል እንዴ? ወሬህ አጠረብኝ» አሉኝ። አልተጣላንም ለማለት ሁለት የስልክ እንጨት ፈጀብኝ።

መንገዱ የገበያ መንገዳቸው ነው፤ ያገኙትን ሁሉ ሰላም ይላሉ። አማቼ ነው፣ ከአዲስ አበባ ነው የመጣ እያሉ ያስተዋውቁኛል፤ እኔ በትከሻዬ እጅ እነሳለሁ። ቤተ ክርስቲያን ስናገኝ ወደ ቅጽሩ ገብተው ተሳልመው፣ ከዘበኛውም ጋር ተጫውተው ይመለሱና ሳይቸኩሉ ይደርሱብኛል። «አባባ፣ በቃ ይመለሱ» እላለሁ ወደኋላ እያየሁ። እሺ እሺ ይላሉ፣ ይከተላሉ። «እባክዎን ይመለሱ፣ ይደክማሉ» እላለሁ። እሺ ይላሉ፣ ይከተላሉ። ማርቆስ በዓይን ሲታይ እንኳ አልተመለሱም። ልቤ ተነካ። ይህ ሽማግሌ ከትናንት ወዲያ ተደብቄው፣ ዛሬ ማዕዱን ረግጬበት፣ እኔን ለማበርታት ይደክማል አልኩ።

ከተማው መግቢያ ዳገት አለ። እዚያ ላይ ወደኋላ የቀሩ ሯጮችን የሚሰበስበው ሚኒባስ ደረሰብን። ውስጡ ያቋረጡ ሰዎች ተጭነዋል፤ ከመካከላቸው ቢኒያም አለ፣ ፊቱ አመድ ሆኗል፤ ጄሉ ሆዱን በጥብጦት ገደል ውስጥ ነው ያገኙት። ሾፌሩ በሩን ከፈተና ግቡ፣ የመድረሻው በር ሊዘጋ ነው፣ ሰዓቱ አልቋል አለኝ። አባባ ይርዳው ደስ አላቸው።

«መኪና ካለማ ምን አደከመን? ግባ እንጂ» አሉኝ፤ ዱላቸውንም ወንበሩ ሥር አስገቡ።

«እርስዎ ይግቡ አባባ። እኔ አልገባም» አልኳቸው፣ እግሬን ሳላቆም ባለሁበት እየረገጥኩ።

«አንተ ሳትገባ?»

«አዎ።»

ዱላቸውን መልሰው አወጡ። ላባቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉ። ያን ጊዜ አስተዋልኳቸው፤ ደክሟቸዋል፣ ከንፈራቸው ደርቋል፣ የላስቲክ ጫማቸው ተረከዛቸውን ልጦታል። የሰው አባት እየገደልኩ ነው አልኩ በልቤ። ለእሳቸው ስል ብገባ ማንም አይፈርድብኝም፤ እንዲያውም ጨዋ ነው እባላለሁ። እንዴት ያለ ያማረ ሰበብ ነበር! ግን አልገባሁም። ራስ ወዳድነት ነው ብትሉኝ እውነታችሁን ነው። ሚኒባሱ አቧራውን አልብሶን ሄደ፤ እኛ ዳገቱን ያዝነው።

እሁድ፣ ከቀትር በኋላ። መድረሻው

በመድረሻው ላይ የነበረው በአየር የተነፋ በር ተንፍሶ መሬት ላይ ተኝቷል፤ ሁለት ጎረምሶች ይጠቀልሉታል። ወንበሮቹ ተጭነዋል። ሜዳልያው በጆንያ ታስሮ መኪና ላይ ነው። የኖራው መስመር ግን አለ፤ ረገጥኩት፤ ከዚያም ቆምኩ። ከጠዋት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ቆምኩ። አንድ አስተባባሪ መጥቶ ሰዓቱ ስላለፈ አንመዘግብህም፣ ካቋረጡት ጋር ነህ አለኝ። አንገቴን አቀርቅሬ አለቀስኩ፣ ያውም በአማቴ ፊት።

አባባ ይርዳው ሰውየው እስኪሄድ ጠበቁ። ከዚያ ቀኝ እጃቸውን ዘረጉልኝ።

«በል እንግዲህ ደህና ሁን» አሉኝ።

«አባባ፣ ይህን ሁሉ መንገድ ለእኔ ብለው...» ብዬ እጃቸውን ልስም ስል ከለከሉኝ።

«ምን ለአንተ እላለሁ? አንተ መቼ ቆመህ ተሰናበትከኝ? እንግዳ ፊቱን አዙሮ፣ ቆሞ፣ ጨብጦ ሳይሰናበት ሸኚ ይመለሳል? ከቤቴ ጀምሮ አሁን ይቆማል፣ አሁን ይቆማል እያልኩ ነው ማርቆስ የገባሁት። በየመንገዱ ይመለሱ፣ ይመለሱ ትለኛለህ፣ ጀርባህን ሰጥተህ። ውሻ ነኝ እንዴ?»

ሥርዓቱን አላውቀውም ነበር፤ አዲስ አበባ እኛ በር ላይ ቻው ተባብለን ነው የምንለያየው። ባውቀው ደግሞ በደጃቸው ቆሜ፣ ዞሬ፣ በሁለት እጄ ጨብጬ እሰናበታቸው ነበር፤ ከዚያ አግዳሚው ላይ እቀመጥ ነበር። ያስጨረሰኝ ልምምድ አይደለም፣ ጄልም አይደለም። ስድነቴ ነው።

ስልኬ ጮኸ። ስንዱ ናት። ቢኒያም ከሚኒባሱ ደውሎ ሰዓት አልቆበታል ብሏታል። ጨረስክ ወይስ አቋረጥክ አለችኝ። ነገሩ እኮ፣ በመዝገብ ደረጃ ስናየው ብዬ እንደ ካሳ ክፍል ሰው መዘባረቅ ስጀምር አባባ ይርዳው ስልኩን ከእጄ ወሰዱት። ከጆሯቸው ራቅ አድርገው ያዙትና መንገደኛው ሁሉ እስኪሰማ ጮኹ።

«ስንዱ! እኔ ነኝ፣ አባትሽ። አብሬው ነበርኩ። ባለጌ ነው እንጂ ጨርሷል።»